ያረጀው ማን ነው? ኮምፒውተሩ፣ ብራውዘሩ ወይስ ድረ ገጹ?

አንድ ወዳጄ «ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል፣ ድረስልኝ» ብሎ ደወለ። ሄድኩ። ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ይከፍታል። ላፕቶፑ ላይ ግን የሚሞክረው ገጽ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ገመድ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ብራውዘሩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ያው ነው። እሱ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ «ፎርማት ይደረግ እንዴ?» ይለኛል። አንድ ሰዓት ገደማ ከታገልኩ በኋላ ዓይኔ ስክሪኑ ግርጌ ላይ ካለችው ቀን ላይ አረፈ። እኛ 2023 ላይ ነን፤ ላፕቶፑ ገና 2009 ላይ ነው። ቀኑን አስተካከልኩ። ሁሉም ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ «ኮምፒውተሬ አርጅቷል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «የትኛው ክፍሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። በአንድ ስክሪን ላይ የምናያቸው ነገሮች የሚያረጁት በየራሳቸው ጊዜ ነውና። ሲስተሙ፣ ማለትም ዊንዶውሱ ወይም ማኩ፣ አንድ ነው። ብራውዘሩ፣ ማለትም ክሮሙ ወይም ፋየርፎክሱ፣ ሌላ ነው። ድረ ገጹ ደግሞ ሦስተኛ። አሮጌ ሲስተም ላይ አዲስ ብራውዘር ሊኖር ይችላል። ትናንት አፕዴት በሆነ ብራውዘር ደግሞ የዛሬ ሃያ ዓመት የተሠራ ገጽ ልንከፍት እንችላለን። ያረጀውን ሳንለይ የምንጀምረው ጥገና ጊዜ ይበላል እንጂ አይጠግንም። (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ቁጥሩን ሳታዩ ምንም አትንኩ

ዊንዶውስ ላይ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና የአርን ፊደል አንድ ላይ ተጫኑ። በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዊንቨር» ብላችሁ ጻፉ፤ ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር። ኢንተር ስትሉ ስሙና ቁጥሩ ይወጣል። ማክ ላይ ከላይ በግራ ያለችውን የፖም ምልክት ነክታችሁ «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ምረጡ። ብራውዘር ላይ ሦስቱን ነጥቦች ወይም ሦስቱን መስመሮች ትከፍቱና «ሄልፕ»፣ ከዚያ «አባውት» ነው። ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ላይ ይህን ገጽ መክፈት ብቻውን የአፕዴት ፍለጋ ያስጀምራል። ቁጥሩን ለማየት ገብታችሁ ችግሩን ፈትታችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

ቁጥሩ 109.0.5414.120 ዓይነት ረጅም ነገር ቢሆን አትደንግጡ። የሚያስፈልጋችሁ የመጀመሪያው፣ 109 ብቻ ነው። የቀሩት የጥቃቅን ጥገናዎች ቁጥሮች ናቸው።

ታዲያ ቁጥር ያታልላል። ክሮም በ2008 ተጀምሮ በመጋቢት 2022 ላይ 100 ደረሰ። በ2021 በየአራት ሳምንቱ አዲስ ቁጥር ማውጣት ጀመረ። ስለዚህ በአሥር ቁጥር ወደ ኋላ ቀራችሁ ማለት አንድ ዓመት እንኳን አልሞላችሁም ማለት ነው። የማክ ሲስተም ደግሞ በ2025 ከ15 ተነስቶ በአንድ ዝላይ 26 ገባ። በመሃል ያመለጣችሁ ነገር የለም፤ አፕል የቁጥር አሰጣጡን ስለቀየረ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው የዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ 7 በውስጥ ስሙ 6.1 ነው። 8 ደግሞ 6.2፣ 8.1 ደግሞ 6.3። ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ውስጡም 10.0 ሆነ። 11 ሲመጣ ግን ውስጡ 10.0 እንደሆነ ቀረ፤ የሚለየው የቢልድ ቁጥሩ 22000ና ከዚያ በላይ በመሆኑ ነው። «እኔ የጫንኩት 11 ነው፣ ድረ ገጹ ግን 10 ነው ይለኛል» ብላችሁ የተጨነቃችሁ ካላችሁ፣ ምንም አልተበላሸም። ብራውዘራችሁ ለድረ ገጹ የሚናገረው ያንን የውስጥ ስም ነው።

ቁጥሩን ካወቃችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ የምትፈጅ ሙከራ አለች። ያንኑ ገጽ በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ብራውዘር ክፈቱ። ከዚያ በስልክ ክፈቱ። በሌላው ብራውዘር ከሠራ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብራውዘር ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በየትኛውም ብራውዘር እምቢ ብሎ በስልክ ከሠራ ሲስተሙን ጠርጥሩ። የትም ካልሠራ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ ቡናችሁን ጠጡ።

«ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል

ይህ ማስጠንቀቂያ አንድ ይመስላል እንጂ ከኋላው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ። ረዘም አድርጌ የማወራው ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው የወዳጄ ነው። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ሰርተፍኬት አለው። ሰርተፍኬቱ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ነገር ተጽፎበታል። ኮምፒውተሩ በእሱ ሰዓት 2009 ላይ ከሆነ፣ በ2023 የተሰጠውን ሰርተፍኬት «ይሄ ገና አልተሰጠም» ብሎ ይጥለዋል። ልክ ነው፣ በእሱ ሰዓት። ክሮም አንዳንዴ ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል፤ ሌላው ብራውዘር ላይናገር ይችላል። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና የሰዓት ክልሉን አስተካክሉ። በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውንም ማብሪያ አብሩት። ኮምፒውተሩ ከኃይል ተነቅሎ በተመለሰ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት። ዴስክቶፕ ላይ መቀየሯ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ላፕቶፕ ላይ በሽቦ የታሰረች ልትሆን ስለምትችል ለባለሙያ ስጡት።

ሁለተኛው ቀኑ ልክ ሆኖም የሚመጣ ነው። ኮምፒውተሩ የማንን ሰርተፍኬት ማመን እንዳለበት የሚነግረው የታማኞች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ የሚታደሰው ከሲስተሙ አፕዴት ጋር ነው። አፕዴት ለዓመታት ያላየ ኮምፒውተር የሚያውቃቸው ሰዎች እየሞቱበት እንደሚሄድ ሽማግሌ ነው። አንዱ ትልቅ ቀን መስከረም 30፣ 2021 ነበር። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለውና እጅግ ብዙ ድረ ገጾች በነጻ ሰርተፍኬት የሚያገኙበት ድርጅት ሲደገፍበት የነበረው የቆየ ሥር ሰርተፍኬት (ሌሎቹ ሰርተፍኬቶች የሚታመኑበት ዋናው) ጊዜው ያለቀው ያን ቀን ነው። አዲሱን ሥር የማያውቁ የቆዩ ማኮች፣ አይፎኖችና ኮምፒውተሮች ያን ዕለት ከብዙ ድረ ገጽ ጋር ተቆራረጡ። ብዙዎቹ ባለቤቶች ኔትወርክ መስሏቸው ነበር።

ለዚህኛው ቀላሉ መላ ፋየርፎክስ ነው። ፋየርፎክስ የታማኞቹን ዝርዝር ራሱ ይዞ ይዞራል፤ የሲስተሙን አይጠብቅም። ክሮምም በኋላ፣ ከ2022 ጀምሮ፣ ወደዚያው መንገድ ገብቷል። ስለዚህ አሮጌ ሲስተም ላይ ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ፋየርፎክስ ሲከፍት ብታዩ አስማት አይደለም። ዘላቂው መፍትሄ ግን የሲስተሙን የቀሩ አፕዴቶች መጨረስ ነው።

ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ብራውዘርና ድረ ገጽ በሚስጥር የሚነጋገሩበት ደንብ ቲኤልኤስ ይባላል። 1.0 የ1999 ነው፣ 1.1 የ2006፣ 1.2 የ2008፣ 1.3 ደግሞ የ2018። ትልልቆቹ ብራውዘሮች በ2020 ሁለቱን አሮጌዎች ተዉአቸው። ማስጠንቀቂያው ውስጥ «ቨርዥን ኦር ሳይፈር ሚስማች» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ሁለቱ ወገኖች የጋራ ቋንቋ አጥተዋል ማለት ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ቁጥራችሁን እዩ። ብራውዘራችሁ የ2012 ከሆነ የእናንተ ነው፤ አድሱት። ዊንዶውስ 7 ላይ ያሉት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8፣ 9ና 10 1.2ን ያውቁታል፣ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። «ኢንተርኔት ኦፕሽንስ» ውስጥ «አድቫንስድ» በሚለው ሥር «ዩዝ ቲኤልኤስ 1.2» ላይ ምልክት ብታደርጉ ይከፈታል።

ብራውዘራችሁ አዲስ ሆኖ ይህ ከመጣ ግን ያረጀው ወዲያኛው ነው። ይህን በብዛት የማየው የቆየ ፕሪንተር፣ የቆየ ራውተር ወይም የደህንነት ካሜራ በብራውዘር ገብቶ ለማስተካከል ሲሞከር ነው። የዕቃውን ፍርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር፣ ማደስ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። አምራቹ ትቶት ከሆነ፣ እሱን ብቻ የሚከፍት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነጥሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ዋና ኮምፒውተራችሁ ላይ አሮጌ ብራውዘር መልሶ መጫን ግን አልመክርም።

ስለ «ለማንኛውም ቀጥል» ቁልፍ አንድ ነገር ልበል። ቤት ውስጥ ላለ ፕሪንተር ተጫኑት፣ ግድ የለም። የይለፍ ቃል ወይም ገንዘብ ያለበት ገጽ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

ገጹ ይከፍታል፣ ግን ባዶ ነው ወይም ተዘበራርቋል

እዚህ ላይ የምልክቱ መልክ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከጽሑፉ ሌላ አንድ ገጽ በዋናነት ከሦስት ነገር ይሠራል፦ ገጹን ከሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት፣ መልኩን ከሚሰጠው ሲኤስኤስ፣ እና ከምስሎች። አሮጌ ብራውዘር የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ለሦስቱም የሚሰጠው ምላሽ የተለያየ ነው።

ሲኤስኤስ ቻይ ነው። የማያውቀውን መስመር ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ገጹ ላይ ጽሑፉ ሁሉ ኖሮ ግን ሜኑው ወደ ታች ተደርድሮ፣ ዓምዶቹ ተደራርበው፣ ቁልፎቹ ተጨናንቀው ካያችሁ ችግሩ እሱ ነው። ለምሳሌ «ግሪድ» የሚባለው የገጽ አደራደር ዘዴ ብራውዘሮች ውስጥ የገባው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ብራውዘር እሱን አያውቅም። ያማል እንጂ አይገድልም፤ እያነበባችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

ጃቫስክሪፕት ግን ይቅርታ አያውቅም። በአንድ ፋይል ውስጥ ከአሥር ሺህ መስመር አንዷን ምልክት ካላወቃት ፋይሉን እንዳለ ይጥለዋል። ከ2020 ወዲህ ፕሮግራመሮች አዘውትረው የሚጽፏት ከጥያቄ ምልክትና ከነጥብ የተሠራች አንዲት አጭር ምልክት አለች። ክሮም ያወቃት በ80ኛው ቨርዥን፣ በየካቲት 2020 ነው። በ79 ስትከፍቱ ያቺ ሁለት ፊደል የማትሞላ ምልክት ገጹን በሙሉ ነጭ ወረቀት ታደርገዋለች። ወይም መንኮራኩሩ ዝንተ ዓለም ይሽከረከራል። ወይም «ግባ» የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ምንም አይሆንም። ለማረጋገጥ ኤፍ 12ን ተጫኑና «ኮንሶል» የሚለውን ክፈቱ። በቀይ «ሲንታክስ ኤረር» የሚል ካለ ብራውዘራችሁ ለዚያ ገጽ አርጅቶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ምስሎች ብቻ ከጠፉና ሌላው ደህና ከሆነ ደግሞ የምስሉ ዓይነት ነው። ዌብፒ የሚባለውን ሳፋሪ የተቀበለው በ14ኛው ቨርዥን፣ በ2020 ነው። ኤቪአይኤፍ የሚባለውን ክሮም በ85፣ ፋየርፎክስ በ93 ጀመሩት። ከዚያ በታች ከሆናችሁ በምስሉ ቦታ የተሰበረች ትንሽ ሥዕል ታያላችሁ።

የመፍትሄው ቅደም ተከተል ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ማክ ላይ በኮንትሮል ፈንታ ኮማንድ፣ ሳፋሪ ላይ ደግሞ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና አር ነው። ይህ ገጹን የተቀመጠውን ቅጂ ትቶ እንደ አዲስ ያወርዳል። ድረ ገጹ ታድሶ ብራውዘራችሁ ግማሹን ከድሮው፣ ግማሹን ከአዲሱ ሲቀላቅል ልክ እንዳረጀ ዓይነት ምልክት ያሳያልና። ካልሆነ በኢንኮግኒቶ መስኮት ሞክሩ። እዚያ ከሠራ ያጣላችሁ ብራውዘሩ ላይ ከጨመራችኋቸው ተጨማሪዎች (ኤክስቴንሽኖች) አንዱ ወይም ድረ ገጹ ያስቀመጠው ኩኪ ነው። ይህም ካልሆነ ነው ብራውዘሩን ማደስ።

ብራውዘሩ አልታደስም አለ

አባውት ገጹ ላይ ገብታችሁ «ብራውዘርዎ ወቅታዊ ነው» ቢላችሁም ቁጥሩ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ውሸት አይደለም። ለእናንተ ሲስተም ከዚያ በላይ የለም ማለቱ ነው። ጣሪያችሁን ደርሳችኋል።

ጣሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ዊንዶውስ ኤክስፒና ቪስታ ላይ የመጨረሻው ክሮም 49 ነው፣ የመጨረሻው ፋየርፎክስ 52። ዊንዶውስ 7፣ 8ና 8.1 ላይ ክሮም በ109 ቆመ፤ በየካቲት 2023 የወጣው 110 ዊንዶውስ 10ን ይጠይቃል። ፋየርፎክስ እነዚሁ ላይ በ115 ቆሟል። ሆኖም ይህ 115 ረጅም ድጋፍ የሚሰጠው ዓይነት ስለሆነ የደህንነት ጥገናው ከተለመደው ጊዜ በላይ ተራዝሞለታል። ስለዚህ ዊንዶውስ 7 ላይ ዛሬ ምን ልጠቀም ብትሉኝ መልሴ ክሮም ሳይሆን ፋየርፎክስ 115 ነው።

ማክ ላይ ሳፋሪ ከሲስተሙ ጋር የታሰረ ስለሆነ ሲስተሙ ሲቆም እሱም ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። ፋየርፎክስ ወይም ክሮም ግን ለጥቂት ዓመታት ተጨማሪ ዕድሜ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አይፎንና አይፓድ ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም። በአንዳንድ አገሮች ሕጉ ላላ ቢልም፣ በአብዛኛው ዓለም እዚያ ላይ ያለ ብራውዘር ሁሉ ስሙ ምንም ይሁን ከውስጥ የሚሠራው በአፕል ሞተር ነው። ሞተሩ የሚታደሰው ከሲስተሙ ጋር ብቻ ነው። አሮጌ አይፓድ ላይ ክሮም መጫን የመኪናውን ቀለም እንደመቀየር ነው።

ጣሪያውን ለማንሳት ሲስተሙን መቀየር ነው ያለው። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ጥር 14፣ 2020 አልቋል። የ8.1 ጥር 10፣ 2023። የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14፣ 2025፤ ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች የደህንነት ጥገና ለአንድ ተጨማሪ ዓመት እንዲቀጥል ተደርጓል። ድጋፍ አለቀ ማለት ኮምፒውተሩ አይነሳም ማለት አይደለም። ነገ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንም ማለት ነው። እኔ ከመስመር ውጪ ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው «ተወው፣ ይሥራ» እላለሁ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን ቢያስብበት ይሻላል።

ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ማሽኑ 64 ቢት፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም 2.0 የሚባሉትን የደህንነት መጠበቂያዎች ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ ፕሮሰሰሩ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ መሆን አለበት። ብዙ ማሽኖች ላይ ቲፒኤም ኖሮ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ቅንብር ውስጥ፣ ተዘግቶ ነው የሚገኘው። «አይችልም» ተብላችሁ ከሆነ ማሽኑን ከመጣላችሁ በፊት እሱን እዩ። በእርግጥ የማይችል ከሆነ ሊኑክስ አለ፤ ለብራውዘርና ለጽሑፍ ብቻ የሚውል ላፕቶፕ ላይ ቀላሉ መውጫ እሱ ነው። የትኛውንም ከማድረጋችሁ በፊት ፋይላችሁን ባክአፕ አድርጉ። ይህን ስል ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ የተለመደ መሰናክል ደግሞ ይኸውና። ያወረዳችሁት ፋይል «ይህ ፕሮግራም በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ካለ ብዙውን ጊዜ 64 ቢቱን 32 ቢት ሲስተም ላይ እየጫናችሁ ነው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን አንብቡ። እዚያ «32 ቢት ሲስተም፣ 64 ቢት ፕሮሰሰር» ካለ ማሽኑ ደህና ነው፤ የተጫነው ዊንዶውስ ነው ያነሰው። ያን ማሳደግ በአፕዴት አይሆንም። እዚህ ላይ፣ አዎ፣ ፎርማት ይደረግ።

አዲሱ የድሮውን አልከፍት አለ

እስካሁን አሮጌው አዲሱን እንዴት እንደማይረዳ ነው ያወራነው። የተገላቢጦሹም አለ። የቢሮ ሥርዓት «በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ይክፈቱ» ይላል፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የለም። ማይክሮሶፍት ሰኔ 15፣ 2022 ላይ ጡረታ አውጥቶታል። ሆኖም ኤጅ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። የኤጅን ሴቲንግስ ክፈቱ፣ «ዲፎልት ብራውዘር» የሚለውን ግቡ፣ ገጾች በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ እንዲከፈቱ የሚፈቅደውን «አላው» አድርጉ። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱና የገጹን አድራሻ እዚያው ዝርዝር ላይ ጨምሩ። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ አድራሻ ከ30 ቀን በኋላ ይወጣል፤ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ። አንድ ሰው በየወሩ «እንደገና ተበላሸ» ብሎ ይደውልልኝ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ሞድ ቢያንስ እስከ 2029 አቆየዋለሁ ብሏል።

ገጹ ጃቫ የሚባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም የሚፈልግ ከሆነ፣ ክሮም በመስከረም 2015፣ ፋየርፎክስ በመጋቢት 2017 ነው የተዉት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞዱ ግን ያስተናግደዋል። ፍላሽ የሚባለው የድሮ አኒሜሽንና ጨዋታ ማጫወቻ ከሆነ ጉዳዩ አልቋል። ከጥር 12፣ 2021 ጀምሮ ፍላሽ ራሱ ራሱን ይዘጋል፤ ከየትም አምጥታችሁ ብትጭኑ አይከፍትም። «ፍላሽ ፕሌየር አውርድ» የሚል ሁሉ አታላይ ነው። የድሮ ጨዋታና አኒሜሽን ለማየት ራፍል የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። ብዙዎቹን ያጫውታል።

በቤት ኔትወርክ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፋይል መውሰድ አልቻል ካላችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኤክስፒ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የፋይል መጋሪያ ደንብ ብቻ ነው። በ2017 መጨረሻ ገደማ ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ ይህ ደንብ በአዲስ ጭነት ላይ አይመጣም። በዚያው ዓመት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በእሱ ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን አምሷልና። መልሳችሁ አትክፈቱት። ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ውሰዱ።

ከአፕዴት በኋላ የሆነ ነገር ጠፋ

ማስታወቂያ መከልከያው በድንገት ከቆመና «ይህ ኤክስቴንሽን አይደገፍም» ከተባላችሁ ክሮም ነው። ከ2024 አንስቶ ማኒፌስት ቪ 2 በሚባለው አሮጌ ደንብ የተሠሩ ኤክስቴንሽኖችን ማጥፋት ጀመረ። ወይ በአዲሱ ደንብ የተሠራውን ምትክ ጫኑ፣ ወይ እነሱን ወደሚቀበለው ፋየርፎክስ ተሻገሩ።

ዊንዶውስ 11 ላይ በቀኝ ክሊክ የሚወጣው ዝርዝር አጥሮ የለመዳችሁት ነገር ከጠፋ፣ ሺፍትን ይዛችሁ በቀኝ ክሊክ አድርጉ። ረጅሙ ይመለሳል።

አዲሱ ስላልጣማችሁ የድሮውን ብራውዘር መልሳችሁ ስትጭኑ «ፕሮፋይልዎ ከአዲስ ቨርዥን የመጣ ነው» ብሎ እምቢ ካለ ልክ ነው። አዲሱ የጻፈውን ማስታወሻ አሮጌው ማንበብ አይችልም፣ በግድ ካነበበም ቡክማርኩንና የይለፍ ቃሉን ሊያበላሸው ይችላል። ወይ አዲሱን መልሱ፣ ወይ በባዶ ፕሮፋይል ጀምሩ።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆነ

ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት በጋራ የሚጠቀሙበት የቁጥር አሰጣጥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ግን ኒያላ የሚባለውን የግእዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ኤክስፒ ላይ አማርኛ ገጽ ሳጥን ሆኖ ቢታይ ብራውዘሩ አልተበላሸም፤ ሲስተሙ ፎንት የለውም። አንድ የዩኒኮድ የግእዝ ፎንት ጫኑና ጨርሱ። አዲስ ኢሞጂ ብቻ ሳጥን ሆኖ ሌላው ከተነበበ ፎንቱ ኢሞጂው ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ ነው፤ ከሲስተም አፕዴት በቀር ብዙም መላ የለው። በተቃራኒው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የድሮ የአማርኛ ሰነድ ከፍታችሁ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ከወጣ፣ ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ነው። ያንኑ ፎንት ፈልጋችሁ ስትጭኑ ይነበባል። ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

«ብራውዘርዎ አርጅቷል» ይለኛል፣ እኔ ግን አዲስ ነኝ

አንዳንድ ድረ ገጾች ብራውዘሩ ምን እንደሚችል ሳይሆን ስሙንና ቁጥሩን አንብበው ይፈርዳሉ። የቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ ብቻ የሚያነቡ ነበሩ፤ ክሮምና ፋየርፎክስ በ2022 100 ሲደርሱ ቁጥሩ ለእነሱ 10 ሆኖ ይታይ ጀመር። በሌላ ብራውዘር ክፈቱት። ካልሆነ ብራውዘሩ የሚናገረውን ስም የሚቀይሩ ኤክስቴንሽኖች አሉ። እነሱ የሚረዱት ግን ድረ ገጹ ሲሳሳት ነው። ብራውዘሩ በእርግጥ ካረጀ ስሙን መቀየር የሚያመጣው ባዶ ገጽ ነው።

ገጹ መሃል ላይ ብቅ ብሎ «አሁኑኑ አድስ» የሚል ትልቅ ቁልፍ የሚያቀርብ ከሆነ ደግሞ አትንኩት። ብራውዘር የሚታደሰው ከራሱ ሜኑ ውስጥ ነው፤ የምታነቡት ገጽ ስለ አፕዴታችሁ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። ሐሰተኛ የአፕዴት ቁልፍ ቫይረስ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ከተጫናችሁት ግን ፋይሉ ካልተከፈተ አጥፉት፣ ያ ይበቃል። ከፍታችሁት ከሆነ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ንቀሉ፣ በአንቲቫይረስ ሙሉ ፍተሻ አድርጉ፣ የይለፍ ቃሎቻችሁን ደግሞ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ቀይሩ። ከኢሜይሉ ጀምሩ፤ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ ያለው እዚያ ነው።